በእስር ላይ የሞተ ሰው በየትኛው መዝገብ ይጻፋል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሰሃላ፣ በማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሂሳብ ጠዋት አቅርቤያለሁ፤ ኦዲተሩም አስተያየቱን ሰጥቷል። ከምሳ በኋላ ይህን ርዕስ ይዤ ስነሣ «የሂሳብ ሠራተኛ ስለ እስር ቤት ምን አገባት?» የምትል እህት አትጠፋም። ያገባኝ በሂሳቡ በኩል ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የብድር መጠየቂያ ቅጻችን ላይ «ገንዘቡ የተፈለገበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ፍየል ለማርባት፣ ለዘር፣ ለጠላ እህል፣ ለልጅ ደብተርና ዩኒፎርም የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል «ለስንቅ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ይህ ስንቅ የመንገደኛ ሳይሆን የእስረኛ ነው። ባል፣ ወንድም ወይም ልጅ ተይዞ መጀመሪያ በቅርብ ፖሊስ ጣቢያ፣ ሲፈረድበት ደግሞ ሰቆጣ ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ በሶውንና ቆሎውን ተሸክማ የምትሄደው ሴት ናት። የሰሃላንና የሰቆጣን መንገድ ለእናንተ አልነግራችሁም። መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በእግር ነው፤ አዳር አለው፣ የአዳር ወጪ አለው። በሩ ላይ «ቅመሺ» ትባላለች፤ ትቀምሳለች፣ ትሰጣለች፣ ባዶ ዕቃዋን ይዛ ትመለሳለች። ገንዘብ መልሶ የሚያመጣ ብድር አይደለም፤ የብድር ኮሚቴያችን ግን ከልክሎ አያውቅም፤ ደግ አድርጓል።

እኔ ዛሬ የማነሣው ከስንቁ ቀጥሎ ያለውን ነው። ስንቅ የሚቀበለው ሰው ቢሞትስ? ማን ይነግረናል? በምን ወረቀት? ለምን ሞተ ብሎ የሚመረምረው ማን ነው? እንዲህ ያለው ሞት እንዳይደገም መንግሥት «አሻሽላለሁ» ብሎ ቃል ሲገባ፣ መሻሻሉን የሚቆጣጠረውስ ማን ነው?

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ሞዴል 19ን ታውቁታላችሁ። አንድ ወንበር ወደ መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19 ርክክብ ይደረጋል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ቆጠራ አለ። ወንበሩ ከጎደለ የሚጠየቀው የተረከበው ሰው ነው፤ «አላውቅም» ብሎ መገላገል የለም። ሰውን ከዕቃ ማወዳደሬ አይደለም። ለወንበር የሚደረገው እንኳ ለሰው ሳይደረግ ሲቀር ነው የሚቆጨኝ። መንግሥት አንድን ሰው ሲያስር በሩን የሚዘጋው፣ ምግቡን የሚመጥነው፣ ሐኪም ዘንድ ይሂድ አይሂድ የሚለው እሱ ነው። ስለዚህ ሰውየው ቢሞት የማስረዳቱ ግዴታ የተረካቢው እንጂ የቤተሰቡ አይደለም።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለና ተፈርዶበት የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳለው ይናገራል፤ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ያጸደቀው፣ 27 ዓመት በታሰረው በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ ደግሞ 122 ደንቦች አሉት። ከእነዚያ ውስጥ ቁጥር 71ን ልብ በሉልኝ። በእስር ላይ ሰው ሲሞት የእስር ቤቱ ኃላፊ ሳይዘገይ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ውጭ ለሆነ፣ ነጻ ለሆነ የፍርድ ወይም ሌላ ሥልጣን ላለው አካል ማሳወቅ አለበት ይላል። ሞቱ በበሽታ ይሁን በሌላ፣ ግዴታው አንድ ነው። በሂሳብ ቋንቋ ሲነገር፣ ገንዘብ ያዡ የራሱን ካዝና ራሱ አይቆጥርም ማለት ነው።

በአገራችን ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ከእኛው ከዋግ ብንነሣ፣ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ በ1863 ዓ.ም. አድዋ ላይ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ በሆኑት፣ ድል ሆነው ተማረኩ፤ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር እንዳሉ አለፉ። ያ ዘመን የጦርነት ዘመን ነው፤ ሕግ ይጠይቀኛል የሚል አልነበረም። በእናቶቻችን ዘመን ወደሆነው ልምጣ።

ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ በደርግ እስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። በማግስቱ ለሕዝብ የተነገረው ቀደም ሲል ከተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ሞቱ የሚል ነበር። ሐኪማቸው የነበሩት ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ግን ከቀዶ ሕክምናው የመጣ ችግር አልነበረም ብለው የመንግሥትን ምክንያት አልተቀበሉም። የሐኪሙን ቃል የሚቀበልና የሚመረምር አካል በዚያን ጊዜ አልነበረም። አስከሬኑ ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ የወጣው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ሥርዓተ ቀብራቸው የተፈጸመው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1971 ዓ.ም. በእስር ላይ ተገድለው አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ቤት ውሳኔ የተሰማው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ከ1967 እስከ 1999 ቁጠሩት። ንጉሥና ፓትርያርክ ሆኖ እንዲህ ከሆነ የገበሬ ልጅ እንዴት እንደሚሆን እናንተ ገምቱ።

የገበሬ ልጅና የተማሪ ጉዳይ እንዴት ይነገር እንደነበር በዚህ አዳራሽ ያሉ ትልልቆቹ እናቶች ከእኔ በላይ ያውቃሉ። በቀይ ሽብር ጊዜ ስንቅ ይዛ የሄደች እናት በሩ ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ትባላለች። በቃ። ወረቀት የለም፣ ቀን የለም፣ ምክንያት የለም፣ አስከሬን የለም። ስንቁ ሲመለስ ለቅሶ ይቀመጣል። ያ አነጋገር ከዘመኑ ጋር አልፏል እንዳንል የሚያደርገን ነገር አለ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ፕሮፌሰር አስራትን በሌላ ምክንያት ደግሜ ላንሣቸው። የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት መሪ ሆነው ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ሳለ በጠና ታመሙ። በ1991 ዓ.ም. ሲፈቱ ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፊላዴልፊያ ውስጥ አረፉ። አሁን ጥያቄዬ የሂሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። ይህ ሞት በእስር ቤቱ መዝገብ ላይ አለ? የለም። በሞቱበት ቀን እስረኛ አልነበሩም። እስረኛው ሊሞት ሲል ከተፈታ ሞቱ የማንም አይደለም ማለት ነው። መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። እኛ ይህን ዓይነቱን «ከመዝገብ ውጭ የተደረገ ወጪ» እንለዋለን፤ ኦዲተር መጀመሪያ የሚፈልገውም እሱን ነው።

ቅርብ ጊዜ ከሆነውና መንግሥት ራሱ ካመነው ሞት ትልቁ የቂሊንጦው ነው። ቅዳሜ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዳር ያለው የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ተቃጠለ። በዕለቱ አንድ ሰው ሞተ ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁጥሩ 23 ሆነ፤ 21ዱ በጭስ መታፈንና በመረጋገጥ፣ 2ቱ ለማምለጥ ሲሞክሩ ተመትተው ተብሎ ተገለጸ። በዚያ መካከል እናቶችና ሚስቶች ከማረሚያ ቤቱ በር ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ በሩ ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ የሟቾች ስም ለቀናት አልተነገራቸውም። ስንቅ ይዘው ነው የቆሙት። ከ1 ወደ 23 የሄደ ቁጥር እኔ መዝገብ ላይ ብታገኙብኝ ምን ትሉኛላችሁ?

በኋላ 38 እስረኞች እሳቱን አስነሥታችኋል፣ ለሰዎቹ ሞት ምክንያት ሆናችኋል ተብለው ተከሰሱ። ተከሳሾቹ በምርመራ ወቅት ድብደባና ስቃይ ደርሶብናል ብለው ለፍርድ ቤቱ አመለከቱ። ከተከሳሾቹ አንዱ የነበሩት የልብ ሐኪሙ ዶክተር ፍቅሩ ማሩ ክሳቸው ተቋርጦ በ2010 ዓ.ም. ተፈቱ። እሳት በተነሣበት ቤት የታሰረ ሰው ቁልፉን እንደማይዝ ሁላችንም እናውቃለን። ቁልፉን የያዘው ማን ነበር፣ በሩ በስንት ደቂቃ ተከፈተ፣ የእሳት ማጥፊያ ነበር ወይ፣ ቤቱ ስንት ሰው እንዲይዝ ተሠርቶ ስንት ሰው ይዞ ነበር? ይህ እንደ ክሱ ሁሉ በሰፊው ለሕዝብ ሲነገር አልሰማሁም።

ከዚያ ለውጥ መጣ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው እስረኛን መግረፍና ጨለማ ቤት ማስቀመጥ ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው እንደሆነ፣ በመንግሥት እጅም ሲፈጸም እንደነበር በግልጽ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኃላፊዎች ከሥራ ተነሡ። በ2012 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። አንዱ የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔ ትልቁ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንን ማቋቋሚያ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ነው። በእሱ መሠረት የኮሚሽኑ ሰዎች ማረሚያ ቤትም ሆነ ፖሊስ ጣቢያ ሳያስታውቁ ገብተው ማየት ይችላሉ። ድንገተኛ ቆጠራ ማለት ይህ ነው። ቀኑ የታወቀ ቆጠራ ላይ ጉድለት የሚገኝበት መጋዘን ጠባቂ አላጋጠመኝም።

እነዚህ እርምጃዎች ትንሽ አይደሉም፤ ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ ይታየኛል። የመጀመሪያው፣ የፌዴራሉ አዋጅ የፌዴራል ማረሚያ ቤት ነው። የሰቆጣው ማረሚያ ቤት በክልሉ የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር ነው። የፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ደግሞ በፖሊስ ሥር ነው። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በክልላችን ታውጆ ስድስት ወር፣ ተራዝሞም አራት ወር በቆየበት ጊዜ እንደታየው ደግሞ፣ ሰው ማረሚያ ቤትም ጣቢያም ባልሆነ ቦታ ሊታሰር ይችላል። እንዲህ ያለ ቦታ ሲገባ የተቀበለ መዝገብ ከሌለ፣ ሲወጣ ወይም ሲሞት የሚሰረዝ ስም የለም።

ሁለተኛው ቀዳዳ ክትትሉ ነው። ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አይቶ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፤ ማዘዝ አይችልም። ምክረ ሐሳቡ ከተሰጠ በኋላ ተፈጸመ አልተፈጸመም የሚለውን በየስንት ጊዜ፣ ማን፣ በየት መድረክ ይጠይቃል? የገንዘቡን ብናይ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ግኝቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ጠርቶ በግልጽ መድረክ ይጠይቀዋል፤ የማስተካከያ መርሐ ግብር እንዲያመጣ ቀን ይቆረጥለታል። ብዙ ጊዜ ያው ግኝት በዓመቱ ተመልሶ እንደሚመጣ አልክድም፤ ጋዜጣ ላይ እናነበዋለን። ግን ተመልሶ መምጣቱ የታወቀው አምና ስለተጻፈ ነው። ለጎደለ ብር የተዘረጋውን መንገድ ለሞተ ሰውም መዘርጋት ይቻላል።

ከራሳችን አገር ወጣ ብለን አንድ ምሳሌ እንይ፤ ምክረ ሐሳብ ብቻውን እንዴት እንደሚቀር ያሳያልና። አውስትራሊያ ሀብታም አገር ናት። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት አቦርጂኖች በእስር ላይ መሞታቸው ስለበዛ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1987 ከፍተኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ የ99 ሰዎችን ሞት አንድ በአንድ መርምሮ በ1991 ሪፖርቱን ሲያወጣ 339 ምክረ ሐሳቦች ሰጠ። ከእነዚያ አንዱ፣ ፖሊስ አንድ አቦርጂን ባሰረ ቁጥር ለሕግ ድጋፍ ድርጅታቸው እንዲያሳውቅ በሕግ ይገደድ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ከ1991 ወዲህ ከ500 በላይ አቦርጂኖች በእስር ላይ ሞተዋል።

በ2018 መንግሥት የምክረ ሐሳቦቹን አፈጻጸም አስገመገመ። ገምጋሚው ዴሎይት የተባለው በዓለም የታወቀ የሂሳብና የማማከር ድርጅት ነበር። 64 በመቶው ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል አለ። የዘርፉ ምሁራን ግን ተቃወሙ። ግምገማው የተመሠረተው መንግሥታቱ «አድርገናል» ባሉት ላይ ነው፤ የተደረገው ነገር ሞትን ቀንሶ እንደሆነ አልታየም አሉ። ሥራዬ ስለሆነ ይህ በደንብ ይገባኛል። የተመረመረው መሥሪያ ቤት በግኝቱ ትይዩ «ተስተካክሏል» ብሎ ሲጽፍና ኦዲተሩ ወርዶ ሳያይ ሲቀበለው እንዲህ ይሆናል። አውስትራሊያዎች ግን አንድ የሚመሰገኑበት ነገር አላቸው። ከ1992 ጀምሮ በእስር ላይ የሚሞተውን ሰው ሁሉ የሚቆጥር፣ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ቋሚ ሥራ አላቸው። የ64 በመቶው ነገር አጠያያቂ መሆኑ የታወቀው ቆጠራው ስላለ ነው። እኛ ዘንድ ለክልሉ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቁጥር በየዓመቱ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እስር ላይ ሞት ሲባል ሁሉም በዱላ አይደለም። በጠባብ ቤት ብዙ ሰው ሲታጨቅ ነቀርሳ ይዛመታል፤ ጎንደር ማረሚያ ቤት ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሳንባ ነቀርሳ ከውጭው ሕዝብ ይልቅ በእስረኛው ላይ እጅግ እንደሚበዛ አሳይተዋል። ቅማል ባለበት ተስቦና ግርሻ ይገባል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ቤት ትቶ ነው የሚያዘው፤ ፖሊስ ሲመጣ ማንም ኪኒን አይሰበስብም። የማንዴላው ደንብ እስረኛ እንደገባ በሐኪም ይታይ የሚለው ለዚህ ነው። ለዘበኞቹም ፍትሐዊ እንሁን። በትንሽ ወረዳ ጣቢያ ላይ ነርስ የለም፣ መኪና የለም፣ ለመድኃኒት የተያዘ በጀት የለም። ሌሊት ሰው ሲታመም ተረኛው ፖሊስ ራሱ ግራ ይገባዋል፤ ከኪሱ የሚገዛም አለ። ድርቁ በመታን ጊዜ እስረኛውም ጠባቂውም እኩል ተርበዋል። ይህ ግን ተጠያቂነቱን ወደ ላይ ያወጣዋል እንጂ አያጠፋውም። በጀት ያልያዘው ማን ነው የሚለው የሚጠየቀው ሞቱ ከተጻፈ ነው።

አንዲት አባላችን ታሪኳን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንም ቦታውንም እንዳልናገር አስጠንቅቃኝ። ወንድሟ በአንድ ጣቢያ ታሰረ። ስንቅ ታደርስ ነበር። አንድ ቀን ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰላት፤ «አሞታል፣ አይበላም» አሏት። ይታከምልኝ ብላ ለመነች። ከቀናት በኋላ በዋስ ውሰጂው ተባለች። ተሸክመው ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን ቤቱ ሞተ። የቀበሌው የሞት ምዝገባ ላይ ቦታው «መኖሪያ ቤት» ተብሎ ተጻፈ። ጣቢያው መዝገብ ላይ ደግሞ «በዋስ ተፈቷል» ይላል። ሁለቱም ወረቀት እውነት ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ግን የለም። እሷ ዛሬም የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ያመመው ቀን መቼ ነበር? ያንን የሚነግራት መስመር የትም አልተጻፈም።

ይህን ሐሳብ ለሥራ አስፈጻሚው ሳቀርብ ሁለት ተቃውሞ ገጥሞኛል፤ ሁለቱም የሚከበሩ ናቸው። አንደኛዋ እናት «ወረቀቱ ልጄን አይመልስልኝም» አሉ። አይመልስም፣ እማማ። ቀጣዩን የታመመ ልጅ ሆስፒታል ሊያደርሰው ግን ይችላል። አስከሬን መመርመሩንም ብዙዎቻችን አንወደውም። ቀብር ይዘገያል፤ ለረጅም ዘመን ምርመራው ማለት አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ መሄድ ነበር፤ ከሰሃላ ማን ይሄዳል? ስለዚህ ማንንም አናስገድድም። ቢያንስ የጤና ባለሙያ አይቶ ያየውን በጽሑፍ ይስጥ፤ ዐቃቤ ሕግም ይወቀው እንላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ማኅበሩን ፖለቲካ ውስጥ ይከተዋል የሚል ነው። ለጋሾቻችንም ይህን ሊያስቡ ስለሚችሉ በግልጽ ልናገር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከበጀቱ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል። አሁን ሕጉ አይከለክለንም። እኛም ማን ለምን ታሰረ፣ በየትኛው ወገን ሆኖ ታሰረ አንልም። ሌባም ይሁን ነፍሰ ገዳይ፣ የመንግሥት ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ፣ ስንቅ አቀባይ ካለችው የእኛ ጉዳይ ነው። የጠየቅነው ርክክብ ነው።

ያዘጋጀሁት ቅጽ ግማሽ ገጽ ነው። አባላችን ዘመዷ ሲያዝ የምትሞላው ወይም የምታስሞላው ነው፤ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደያዘው፣ የት እንደተወሰደ፣ ሲያዝ ጤናው እንዴት እንደነበር፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ስሙ፣ መድኃኒቱን ለማን እንዳስረከበች። ሰዓቱ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። ቀኑ ካለፈ ወይም የት እንዳለ ካልታወቀ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል፤ ለዚያም ማስረጃ የሚሆነው ይህ ወረቀት ነው። ከዚያ በታች ስንቅ የደረሰበት ቀን ሠንጠረዥ አለ። ተቀብሎ በልቷል፣ ታሟል ተብሏል፣ ተመልሷል። ያቺ እህታችን ያጣችው መስመር ይህ ነው። ቅጹ በሦስት ቅጂ በካርቦን ይጻፋል። አንዱ ከአባሏ ጋር፣ አንዱ በማኅበሩ ፋይል፣ ሦስተኛው ሰው ሲታመም ወይም ሲሞት ለዐቃቤ ሕግና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ይላካል።

ሌላው ለምክር ቤታችን የምናቀርበው ጥያቄ ነው። ዋግ ኽምራ የብሔረሰብ አስተዳደር ስለሆነ የራሱ ምክር ቤት አለው፤ ከየወረዳችን የመረጥናቸው ሰዎች ተቀምጠው ሪፖርት ይሰማሉ። የምንለምነው ረጅም ሪፖርት አይደለም። ለማረሚያ ቤቱና ለየጣቢያው አንዳንድ መስመር ይበቃል። በዓመቱ መጀመሪያ የነበሩ፣ የገቡ፣ የተፈቱ፣ የተዛወሩ፣ ያመለጡ፣ የሞቱ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያሉ። መደመርና መቀነስ የምትችል ማንኛዋም አባላችን ትቆጣጠረዋለች፤ ካልገጠመ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። ከጎኑ አንድ ተጨማሪ ዓምድ እንዲገባልን እንጠይቃለን። ታሞ ከተፈታ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሞተ። አምና በሞቱት ላይ የተሰጠ ምክረ ሐሳብ ካለም ማን እንደፈጸመው ስሙና ቀኑ ይጻፍ፤ የፈጸመውም አልፈጸመውም ሰው እዚያው ቆሞ ይጠየቅ።

ወጪው ለለጋሾቻችን የማይከብድ ነው። የቅጹ ማሳተሚያና በወር አንድ ጊዜ ሰቆጣ የሚሄዱ የሁለት አባላት ትራንስፖርትና አዳር ነው። አበል አልያዝኩም። ገንዘቡ ከብድሩ ካዝና አይነካም፤ የራሱ መዝገብ፣ የራሱ ደረሰኝ ይኖረዋል፤ በየሦስት ወሩ ሂሳቡን እለጥፋለሁ።

የቅጹ ናሙና በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማንበብ ለማይመቻቸው እናቶች በአማርኛም በኽምጣናም የሚያነቡ ሁለት ልጆች እዚያ ተቀምጠዋል፤ የሚጨመር ወይም የሚቀነስ መስመር ካለ ለእነሱ ንገሯቸው፣ ይጽፉታል። ድምፅ የሚሰጠው ከቡና በኋላ ነው።